ኃይሉ እለቃለሁ ያለው ሥራ

በደሉ ይህ ነው። ኃይሉ ጽጌን ለማግባት ሽማግሌ በላከ ጊዜ፣ «ከሁለታችን አንዳችን ሥራ መልቀቅ ካለብን የምለቀው እኔ ነኝ» ብሎ በሦስት ሽማግሌዎችና በእኔ ፊት ቃል ገባ። አልለቀቀም። የለቀቀችው ጽጌ ናት። ልጅቷን የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ የሰጠሁትም በዚያ ቃል ነው፤ ስለዚህ የተታለልኩት እኔም ነኝ። ሃምሳ ዓመት አልፎታል፣ ተዪው ይሉኛል። ሃምሳ ዓመት ስላለፈው አልተደረገም ማለት ነው እንዴ?

ይህን እንድጽፍ ያደረገኝ ባለፈው ጥር ሰመራ የተደረገው ድግስ ነው። እኔ አሁን የምኖረው ሎጊያ፣ ለጅቡቲ መንገድ ሾፌሮች ምግብ ከምትሸጥ ልጄ ጋር ነው። የኃይሉና የጽጌ የመጨረሻ ልጅ ሰመራ መሥሪያ ቤት ስላለ፣ የአባቴንና የእናቴን ጋብቻ ሃምሳኛ ዓመት እዚያ አከብራለሁ ብሎ አዳራሽ ተከራየ፤ ለእኔም ባጃጅ ላከልኝ። ሰመራን ከተማ ሳትሆን አውቃታለሁ። በጭነት መኪና ስናልፍባት ጥቁር ድንጋይና ትኩስ ነፋስ ብቻ ነበረች፤ ሾፌሩ እንኳ ለሽንት አይቆምባትም ነበር። አሁን ፎቅ በፎቅ ናት። አዳራሹ ውስጥ ወንበሮቹ ሁሉ ነጭ ልብስ ለብሰው፣ ወገባቸውን በሪቫን ታስረው ቆመዋል። የአንዱን ጫፍ ገልበጥ አድርጌ አየሁት። ካውያ አልነካውም፤ ሳይደርቅ ነው የታጠፈው፤ ይሸታል። ለወንበር ቀሚስ የሚያለብስ ሰው መተኮስ ግን አያውቅም። ኬኩ ከተቆረሰ በኋላ ኃይሉ ማይክራፎን ተሰጠውና ስለ ፍቅራቸው ይናገር ጀመር። እኔን አላነሳኝም፤ ያንን ይቅር ብያለሁ። «ለጽጌ ስል ሥራዬን ለመልቀቅ ደብዳቤ አስገብቼ ነበር» አለ። «አለቆቼ ግን አንተን የመሰለ ሰው አንለቅም ብለው መለሱልኝ» አለ። ሰው ሁሉ አጨበጨበለት። ከኋላ ጠረጴዛ ተቀምጬ የሚያጨበጭቡትን አንድ በአንድ አየኋቸው። አንዳቸውም ያን ጊዜ አልነበሩም፤ ከነበርነው ውስጥ በሕይወት ያለነው ሦስታችን ብቻ ነን።

አዋሽ ያን ጊዜ ባቡር የሚያዛት ከተማ ነበረች። ባቡር ሲመጣ ትነሳለች፣ ሲሄድ ትተኛለች። ጣቢያው ቡፌ ውስጥ አንድ የናፍቆት ዘፈን በሸክላ ይከፈታል፤ ከሰዓት በኋላ ሰው ሁሉ በሙቀት ሲዝል ያ ዘፈን ግድግዳ አልፎ እኔ ጓሮ ድረስ ይመጣል። አንድ ትልቅ ሐብሐብ በአሥር ሳንቲም ይገዛ ነበር፤ ዛሬ በዚያ ገንዘብ የሐብሐብ ፍሬም አይሸጡልሽም። ባሌ የባቡር ሠራተኛ ነበር። ድሬዳዋ ለሥራ ሄዶ እዚያው ሌላ አገባ፤ ለእኔ የቀረኝ ሁለት ክፍል የቆርቆሮ ቤት፣ ሰፊ ግቢና አንድ የከሰል ካውያ ነው። ከእሱ ይልቅ ካውያው ጠቅሞኛል። ከከተማው ወዲያ የጥጥ እርሻው ነበር፤ የእርሻውን ሹማምንትና ጸሐፊዎች ልብስ የማጥብ እኔ ነበርኩ። ሸሚዝ በአምስት ሳንቲም፣ ሱሪ በአሥር፣ ኮት በስሙኒ። ዓይነቱ ሁሉ በእጄ አልፏል፤ መጀመሪያ ቴትሮን ሸሚዝና ጠባብ ሱሪ፣ ኋላ ደግሞ ከታች እንደ ደወል የተከፈተው ቤልቦተም፣ የአዋሽን አቧራ እየጠረገ የሚሄደው። ነጭ ካልሲ ያደርጉ ነበር፣ በዚያ መሬት ላይ። አንገታቸው ላይ ክራቫት አስረው ሲያልቡ ይውሉና ኮሌታውን እኔ በሳሙና እፈትጋለሁ። ከደጋ ጥጥ ለመልቀም የሚመጡት ደሃ ሠራተኞች ግን አንዲት ሸሚዛቸውን ራሳቸው ቦይ ውስጥ ያጥቡ ነበር። በእነሱ ላይ የምናገረው የለኝም።

ጽጌ የመጣችው በባቡር ነው፤ አንድ የቆርቆሮ ሻንጣና በመርፌ የተሰኩ ነፍሳት የሞሉት ጠፍጣፋ ሣጥን ይዛ። ከእርሻ ኮሌጅ መመረቋ ነው። እርሻው ለላጤ ሠራተኞች ቤት ነበረው፤ ለወንድ ላጤዎች። ሴት ትመጣለች ብሎ ያሰበ ስላልነበረ መዝገብ ቤቱ «ከተማ ተከራዪ» ብሎ ሰደዳት። አንዱን ክፍል ሰጠኋት።

«ሥራሽ ምንድን ነው?» አልኳት በመጀመሪያው ቀን።

«ትል እቆጥራለሁ።»

«አራት ዓመት የተማርሽው ለዚህ ነው?»

«አምስት ነው እትዬ ዘነበች። አንዱን ዓመት ታምሜ ደገምኩ።»

የምታሾፍብኝ መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን የታጠበ ልብስ ይዤ በእርሻው መኪና አብሬያት ሄድኩና አየሁ። በጠዋት ጥጡ መሐል ገብታ እምቡጥና ፍሬውን እያገላበጠች ትሉን ትቆጥራለች፣ ትጽፋለች። ከተወሰነው በላይ ከሆነ በአውሮፕላን መድኃኒት ይረጫል፤ ካልሆነ አይረጭም። ከሜዳው ዳር ፈረንጅ አብራሪው እግሩን አንፈራጦ ሲጋራውን እያጨሰ ይጠብቃታል። ወረቀቷን ሰጠችው፣ አነበበ፣ ሲጋራውን ረገጠ፣ አውሮፕላኑም ተነሳ። እርሻውን የሚገዛው ዋናው አስተዳዳሪ እንኳ ባርኔጣውን ይዞ አንጋጦ ያይ ነበር። እኔ እስከ አራተኛ ክፍል ነው የተማርኩት። ሴት ልጅ ቁጥር ጽፋ አውሮፕላን ስታስነሳ ካየሁ በኋላ፣ የእሷን ልብስ በነጻ ማጠብ ጀመርኩ።

ኃይሉ አብሯት የተማረ ነው፤ ከእሷ በኋላ በወሩ እዚያው እርሻ ተቀጠረ፤ እሷ ቆጣሪ ሆና ሳለ እሱን የክፍል ኃላፊ አደረጉት። በውጤት እንደምትበልጠው እሱም አይክድም ነበር። ኮሌጅ ውስጥ ሴቶቹ ጥቂት ስለነበሩ ከሴት አጠገብ የተቀመጠ ወንድ ይሾፍበታል። ኃይሉ አጠገቧ የተቀመጠው ደፍሮ አይደለም፤ አርፍዶ ገብቶ ሌላ ወንበር አጥቶ ነው። ይህን ራሷ እየሳቀች ነግራኛለች። መሳል አይችልም፤ የነፍሳቱን እግር አንዳንዴ አምስት አንዳንዴ ሰባት ያደርገዋል፤ እሷ ትስልለት ነበር። እውነቱ ግን ይነገር፤ ዓመት ደግማ እሱ ክፍል ከገባች በኋላ ሕመሟ በተመለሰባት ጊዜ የየቀኑን ትምህርት ሁለት ሁለት ጊዜ በእጁ እየጻፈ፣ አንዱን ለራሱ አስቀርቶ አንዱን ሆስፒታል ያደርስላት ነበር። ሁለት ወር ሙሉ። ይህን አልነፍገውም። ጓደኝነታቸው ከዚያ ነው የመጣ።

አዋሽ ከመጣ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ሸሚዞቹን ጠቅልሎ ይመጣል። «ማነው?» ብል «ጓደኛዬ ነው» ትለኛለች። ዱካ ላይ ተቀምጠው ስለ ትል ይከራከራሉ። ሌሎች ወጣቶች በዚያ ዘመን ስለ ዘፈንና ስለ ፀጉር አበጣጠር ያወሩ ነበር፤ እነዚህ ስለ ትል። እሱ ሲሸነፍ ከቡፌው የሚመጣውን ዘፈን ያፏጫል፤ ዜማውን ያበላሸዋል። እንዲህ አንድ ዓመት ሄደ። ከዚያ ማክሰኞም ይመጣ ጀመር፣ ሐሙስም።

«ኃይሉ፣ ይህ ሸሚዝ ባለፈው ቅዳሜ የተኮስኩት ነው» አልኩት አንድ ሐሙስ።

«ትንሽ አቧራ ነክቶት ነው እትዬ።»

«እጥፋቱ እንኳ አልተፈታም።»

«ለጥንቃቄ ብዬ ነው።»

ጽጌ ክፍሏ ውስጥ ሆና ስትስቅ ሰማኋት። ሸሚዙን ተቀበልኩት፣ አላጠብኩትም፣ አምስት ሳንቲሙን ግን ወሰድኩ። ጓደኛ ንጹሕ ሸሚዝ አያሳጥብም። ነገሩ የገባኝ ያን ቀን ነው፤ ለእሷ ከዚያ በፊት ገብቷት ኖሯል።

በመከር ማለቂያ ላይ ጽጌ «ጠየቀኝ» አለችኝ።

«ምን አልሽው?»

«ሽማግሌ ላክ አልኩት።»

«ወዴት?»

«ወደ አንቺ።»

አባቷ ሞቷል፤ እናቷ ደጋ ናቸው፣ ታማሚ ናቸው፤ መንገዱን አይችሉትም። በቄስ አስጽፈው «ዘነበችን እንደ እኔ ቁጠሯት» የሚል ደብዳቤ ላኩ። እኔ የሃያ ስምንት ዓመት ፈት፣ የልብስ አጣቢ፣ ለተማረች ልጅ እናት ሆንኩ። ከተማው ሳቀብኝ። ይሳቅ። እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው፤ እርሻው ባልና ሚስትን አንድ ላይ አያሠራም። ከተጋቡ አንዱ ይወጣል። አንዱ ሲባል ማን ማለት እንደሆነ ሁሉም ያውቀዋል፤ ለዚህም ነው ማንም የማይናገረው።

ሽማግሌዎቹ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ መጡ። ፀሐዩ እዚያ አናት ላይ ነው። አንዱ የእርሻው መዝገብ ቤት ሹም አቶ ወርቁ፣ አንዱ የቤተ ክርስቲያኑ አለቃ ገብሬ፣ ሦስተኛው ሐጂ ሁመድ የሚባል አፋር፣ ግመሎቹን በእርሻው ዳር የሚያሰማራ፣ ከኃይሉ ጋር የተወዳጀ ሰው። ኃይሉ ዘመድ የለውም፤ ሽማግሌ የሰበሰበው እንደ ልብስ መጠገኛ ከየብጣሹ ነው። የቆሙት ልብስ የሰቀልኩበት ገመድ ሥር ነበር፤ ልብሱን አላነሳሁትም። የአቶ ወርቁ የገዛ ሱሪው ከራሱ በላይ ተሰቅሎ አንገቱ ላይ ይንጠባጠብበታል።

«የቤቱ ባለቤት የሉም?» አለ አቶ ወርቁ፣ በየሳምንቱ ልብሱን የሚያመጣው ሰውዬ።

«እኔ ነኝ።»

«ወንድ ዘመድ ማለቴ ነው።»

«ድሬዳዋ አለ። ሂዱና እሱን ጠይቁት።»

አለቃ ገብሬ ጉሮሮውን ጠረገና ልጅ ለልጃችን ፈልገን መጣን አለ። ቁጭ በሉ አልኳቸው። እሺ ሳትሉን አንቀመጥም አሉ። እንግዲያው ቁሙ አልኩ። ሐጂ ሁመድ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ይታገሣል፤ ለእሱ ፀሐዩ ምንም አይደለም። «በእኛ የአክስት ልጅ አለች» አለ ቀስ ብሎ። «ማን ማንን እንደሚያገባ ይታወቃል። ሰው ግቢ ለግቢ አይቆምም።» አስቤበት እመልሳለሁ ብዬ ሰደድኳቸው። የአቶ ወርቁ ጀርባ ረጥቦ ነበር፤ ላቡ ይሁን ሱሪው አላውቅም።

በሳምንቱ ተመልሰው መጡ። አቶ ወርቁ የኃይሉን ማዕረግ፣ የኃይሉን ተስፋ፣ አስተዳዳሪው ኃይሉን እንዴት እንደሚወደው ዘረዘረ።

«ደንቡ የሚለው ከሁለት አንዱ ይውጣ ነው ወይስ ሴቷ ትውጣ?» አልኩት።

«አንዱ ነው የሚለው» አለ። መዝገብ ቤት ስለሆነ መዋሸት አልቻለም።

«እሱ ይውጣ። እሷ ቀድማ ገብታለች፤ በትምህርትም ትበልጠዋለች።»

አለቃ ገብሬ ሳቀ። «ወይዘሮ ዘነበች፣ ባል ሥራ ለቆ ምን ሊሆን ነው?»

«እዚሁ ይምጣ፤ ልብስ ማጠብ አስተምረዋለሁ።»

ተቆጥተው ወጡ። ተሰደብን አሉ። የአንዲትን ሴት አምስት ዓመት ትምህርት እንደ ቆሻሻ ውሃ ለመድፋት መምጣታቸው ስድብ አልነበረም፤ የእኔ መልስ ነው ስድብ የሆነ። ከተማው ሁሉ ጉድ አለ። ቡፌው ውስጥ ያቺ አጣቢ ሙሽራውን ልታስቀጥረው ነው እየተባለ ተሳቀ። ጽጌ ምሳዋን አልበላችም። ሰዎቹ አናድደዋት ነው ብዬ እኔም አብሬ ተናደድኩ።

በሦስተኛው መጡ፤ ኃይሉ ከኋላቸው አለ። የሚጠየቅለት ሰው ከሽማግሌ ጋር አይመጣም፤ ይህን ያልተማረ እንኳ ያውቀዋል። አለቃ ገብሬ በሃፍረት እየዞረ «ተመለስ፣ አንተ ልጅ፣ ተመለስ» ይለዋል። አልተመለሰም። ሽማግሌዎቹን አልፎ እርጥብ ልብሱን በእጁ ገልጦ ፊቴ ቆመ። ያን ዕለት ብቻ፣ ለዚያች ሰዓት ብቻ፣ ወደድኩት።

«እትዬ ዘነበች፣ የምለቀው እኔ ነኝ» አለ። «ሌላ እርሻ እፈልጋለሁ። እሷ እዚሁ ትሥራ።»

«ድገመው።»

ደገመው። ሐጂ ሁመድ «እኔ ሰምቻለሁ፤ አላህም ሰምቷል» አለ። ቁጭ በሉ አልኳቸው፣ ተቀመጡ፤ ከቡፌው ቀዝቃዛ ለስላሳ አስመጣሁ። ጽጌን ሰጠሁ።

ቀለበት የታሰረው እርሻው ክበብ ውስጥ ነው። ጽጌ ከጉልበቷ በላይ የቀረ ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳለች፣ ፀጉሯን ወደ ላይ አቁማዋለች፤ የአስተዳዳሪው ሚስት ቤት ውስጥ ባርኔጣ አድርጋለች። አኮርዲዮን የሚጫወት አንድ ሰውዬ ነበር። እናት ነኝ ብዬ የሄድኩትን እኔን ወጥ ቤቱ በር አጠገብ አስቀመጡኝ፤ ሳህን የሚያመላልሱት በእኔ ላይ እየተንጠራሩ ያልፋሉ። ቃሉን ይዣለሁ፤ ወንበሩ ምን ያደርግልኛል?

ሁለት ሳምንት አልሞላም። ሰኞ ጠዋት የእርሻው መኪና በር ላይ ጡሩምባ ነፋ፤ ጽጌ አልወጣችም።

«መኪናው መጥቷል» አልኳት።

«ለቅቄያለሁ።»

«እሱስ?»

«የእሱን አልተቀበሉትም።»

ነጠላዬን አንስቼ በዚያው መኪና ኃይሉ ቢሮ ሄድኩ። «ደብዳቤዬን መለሱብኝ፤ ምን ላድርግ እትዬ?» አለኝ። አሳየኝ አልኩት፤ አለቃዬ ጋ ነው አለ። የትኛው አለቃህ ስለው ምክትሉ አለ። ደብዳቤ ሁሉ የሚያልፈው በአቶ ወርቁ መዝገብ ነውና እሱን ጠየቅሁት። «የመዝገብ ቤት ምስጢር አላወጣም» አለኝ፣ የሱሪውን ቀዳዳ ሁሉ የማውቀውን እኔን። አለቃ ገብሬ ደግሞ ቃሉን ሰጠ፣ እግዚአብሔር አልፈቀደለትም አለ። እግዚአብሔር የጥጥ እርሻ ደብዳቤ ሲመልስ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። ሐጂ ሁመድ ብቻ ተነስቶ ሄዶ ኃይሉን ጠየቀው። ምን እንደመለሰለት አልነገረኝም። ከዚያ ወዲህ ግን ሐጂው የኃይሉን ቤት ውሃ አልጠጣም።

ከሠርጉ በኋላ ልብስ ላደርስ እርሻው ስሄድ አያታለሁ፤ ከባለትዳሮቹ ቤቶች በአንዱ ደጃፍ ትቀመጣለች። አውሮፕላኑ በሌላ ሰው ቁጥር ይነሳል፣ ቤቱን አናውጦ ያልፋል፤ እሷ ቀና ብላ አታየውም። ዘመኑም ተገለባበጠ፤ እርሻው እጅ ለወጠ፤ አስተዳዳሪውም የሚስቱ ባርኔጣም ሄዱ። ኃይሉና ጽጌ ከከተማ ከተማ ዞሩ፤ እኔ ኋላ ከወለድኳት ልጄ ጋር ሎጊያ ወረድኩ። በየለቅሶውና በየሠርጉ በተገናኘን ቁጥር ኃይሉን የትኛው አለቃ እንደሆነ እጠይቀዋለሁ። ሰላምታዬ እሱ ሆነ።

ሰመራም ጭብጨባው ሲያልቅ ተነስቼ ወደ ክብር ጠረጴዛው ሄድኩ።

«ኃይሉ፣ ደብዳቤህን የመለሰልህ የትኛው አለቃ ነበር?»

«እትዬ ዘነበች፣ እንኳን ደህና መጡ። ይብሉ እንጂ።»

«በልቻለሁ። የትኛው?»

«ዋናው አስተዳዳሪ ነው መሰለኝ።»

«ምክትሉ ነው ብለኸኝ ነበር።»

«ሁለቱም ነበሩበት እኮ» አለና ውሃ ጠጣ። አርጅቷል። አላሳዘነኝም። ልጃቸው ኬክ በሳህን ይዞ መጣ፣ እማማ ቅመሱ አለኝ። ኬክ አፌን እንዲዘጋው ነው።

ጽጌ ተነሳች። ክንዴን ይዛ አዳራሹን አቋርጣ ወደ ውጭ ወሰደችኝ። ግቢው ውስጥ ካለው የኒም ዛፍ ሥር ሁለት ቀሚስ ያልለበሱ ወንበሮች አገኘን፤ ተቀመጥን። የጅቡቲ መኪኖች ከወዲያ ያጓራሉ።

«ደብዳቤውን አላስገባውም» አለችኝ።

ወንበሬን ወደ እሷ አስጠጋሁ።

«ቀለበት ሊታሰር ሦስት ቀን ሲቀረው ኮቱን አንቺ እንድትተኩሺለት አመጣው። ኪሱን ያራገፍኩት እኔ ነኝ። ደብዳቤው እዚያ ነበር፣ አራት ቦታ ታጥፎ፤ ቀኑ አንቺ ጋ ቃል በሰጠ ማግስት ነው። ጽፎታል። ይዞት ሲዞር ከርሞ ፈራ። መልሼ ኪሱ ውስጥ ከተትኩት።»

«እሱ ያውቃል?»

«አያውቅም። እስከ ዛሬ እንደመለሱበት ይነግረኛል፤ እኔም እሰማዋለሁ።»

«ያን ጊዜ ለእኔ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርሽ ምን ታደርጊ ነበር?»

«ሦስቱንም ሽማግሌዎች ጠርቼ፣ ልጅቷን ወስጃለሁ እላቸው ነበር።»

«አውቃለሁ» አለች። መነጽሯን አውልቃ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው። «እኔ ሥራውንም እሱንም ፈልጌ ነበር፣ እትዬ። ሥራዬን አንቺ ትጠብቂልኝ ነበር። እሱን ከአንቺ የምጠብቀው ግን እኔ ብቻ ነበርኩ።»